በአንድ ቤት ሁለት ዋስትና፦ ጡረታና የጤና መድን በሐይቅና በአምባሰል

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙት ሐይቅና ውጫሌ፣ የመጀመሪያው የተሁለደሬ፣ ሁለተኛው የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ሲሆኑ፣ በአገር ታሪክ ስማቸው የሚነሣው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል ነው። ስለ ማኅበራዊ ዋስትና የሚያጠና ሰው ግን ወደዚህ አካባቢ የሚመለስበት ሌላ ምክንያት አለው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በሙከራ ደረጃ ሲጀመር በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ተመርጠው ነበር፤ ከአማራ ክልል ከፎገራና ከደቡብ አቸፈር ጋር የተመረጠው ተሁለደሬ ነው። ስለዚህም የሐይቅ ዙሪያ ገበሬ፣ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የጤና መድን የሚባለው ነገር ገና ባልተሰማበት ጊዜ፣ ዓመታዊ መዋጮውን ከፍሎ ሲታመም ኪሱን ሳይዳብስ መታከምን ለመደ።

በዚያው ከተማ በትምህርት ቤት፣ በፍርድ ቤት ወይም በግብርና ጽሕፈት ቤት በወር ደመወዝ የሚያገለግለው ሠራተኛ ደግሞ በሕግ የተረጋገጠ የጡረታ መብት አለው፤ ለእርሱ የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ግን ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ቢያልፈውም አፈጻጸሙ በተደጋጋሚ ሲራዘም ቆይቷል። እንግዲህ ገበሬው አባት የጤና መድን ኖሮት ጡረታ የለውም፤ ደመወዝተኛው ልጅ ጡረታ ኖሮት የጤና መድን የለውም። አባትና ልጅ፣ እናትና ሴት ልጅ እየተደጋገፉ በሚኖሩበት በዚህ አገር፣ አንድ ቤተሰብ ሁለት ግማሽ ዋስትናዎችን ይዞ እንደሚኖር መረዳት ያለውን ጥቅም በሚገባ ለመጠቀም የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ምክንያቱም በአካባቢው ከሚባክነው ጥቅም ብዙው የሚባክነው ሕግ ስለጠፋ ሳይሆን ወረቀት ስላልተሟላ፣ ጊዜው ስላለፈ ወይም የሚጠይቅ ስለጠፋ ነው።

ማኅበራዊ ዋስትና የሚባለው፣ ሰው በእርጅና፣ በሕመም፣ በአካል ጉዳት ወይም በሞት ምክንያት ገቢው ሲቋረጥ እርሱንም ቤተሰቡንም እንዳይወድቁ የሚይዝ፣ በብዙዎች መዋጮ የሚቆም ሥርዓት ነው። ሐሳቡ ለወሎ ሕዝብ እንግዳ አይደለም፤ ቅሬ የተባለው የመረዳጃ ማኅበር ሁሉም ጥቂት ጥቂት አዋጥቶ ኀዘን የደረሰበትን የሚሸከምበት ነውና፣ የጤና መድኑም ሆነ ጡረታው በሕግና በሒሳብ የተደራጀ ሰፊ ቅሬ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። በዘመናዊ መልኩ ይህን ሥርዓት በሕግ በማቋቋም ጀርመን ቀዳሚ ስትሆን፣ የሠራተኞች የጤና መድን ሕጓን እ.ኤ.አ. በ1883፣ የእርጅናና የአካል ጉዳት ጡረታ ሕጓን ደግሞ በ1889፣ ማለትም የውጫሌ ውል በአምባሰል ምድር በተፈረመበት በዚያው ዓመት አወጣች። ኢትዮጵያ በተቃራኒው ከጡረታው ጀመረች፤ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 በ1955 ዓ.ም. ሲወጣ ለደመወዝተኛው ስለ ሕክምና የሚናገር ተመጣጣኝ ሕግ አልነበረም፤ እስኪወጣም ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

የጡረታ አበል እንዴት ይሰላል?

የጡረታ ሕግ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛውን ብቻ ሲመለከት ቆይቶ፣ በ2003 ዓ.ም. በወጡት አዋጅ ቁጥር 714 እና 715 የግል ድርጅት ሠራተኛውም በአስገዳጅነት እንዲሸፈን ተደረገ፤ እነዚህም በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተክተዋል። የመጀመሪያውን የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር፣ ሁለተኛውን የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ያስፈጽማሉ። ከወታደርና ከፖሊስ በስተቀር በሁለቱም በኩል ሠራተኛው ከመደበኛ የወር ደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ ያዋጣሉ። 10,000 ብር የሚከፈለው ሰው በየወሩ 700 ብር እንደሚቆረጥበት ያውቃል፤ አሠሪው በስሙ 1,100 ብር መጨመር እንዳለበት ግን ብዙዎች አያስተውሉም፤ በመሆኑም አሠሪው መዋጮውን ሲያስቀር የሚጎድለው ከሠራተኛው ኪስ መሆኑ አይታያቸውም።

የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ሲሆን፣ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው በዚህ ዕድሜ ሲሰናበት እስከ ዕለተ ሞቱ የሚከፈለው የአገልግሎት ጡረታ አበል ያገኛል፤ 10 ዓመት ያልሞላው ግን በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ተሰጥቶት ይለያል። የአበሉ መጠን የሚሰላው ሠራተኛው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ሲያገኝ ከነበረው ደመወዝ አማካይ ተነሥቶ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የአማካዩ 30 በመቶ ይያዝና ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ ከ70 በመቶ ሳይበልጥ ይቆማል።

ስሌቱን በአንድ የሐይቅ መምህር ላይ መሞከር ይቻላል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ከሆነና 30 ዓመት ካገለገለ፣ በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ በቀሪዎቹ 20 ዓመታት 25 በመቶ ተደምሮ 55 በመቶ፣ ማለትም በወር 5,500 ብር ይደርሰዋል። 25 ዓመት ያገለገለ ሰው በራሱ ፈቃድ አገልግሎቱን አቋርጦ ከ55 ዓመቱ ጀምሮ አበል እንዲያገኝ ሕጉ ስለሚፈቅድለት፣ ይኸው መምህር በ55 ዓመቱ ከወጣ በ5,500 ብር ይቆማል፤ እስከ 60 ከቆየ ግን፣ ደመወዙ ምንም ባይጨምር እንኳ፣ አገልግሎቱ 35 ዓመት ሆኖ አበሉ 61.25 በመቶ ወይም 6,125 ብር ይሆናል። አስቀድሞ መውጣት በእርሻው ወይም በንግዱ የተሻለ ገቢ ለሚጠብቀው ሰው የሚያዋጣ ውሳኔ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ልዩነቱ ዕድሜ ልክ እንደሚከተል፣ የትዳር ጓደኛና ልጆች የሚያገኙትም ከዚሁ አበል ተሰልቶ እንደሆነ ሳያሰሉ መወሰን ተገቢ አይደለም።

ከዚህ ቀመር ሠራተኛው በወጣትነቱ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች ይመነጫሉ። አማካዩ የሚያዘው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ስለሆነ፣ በ58ኛው ዓመት የተገኘ የደረጃ ዕድገት በ56ኛው ዓመት ከተገኘው ያነሰ ጥቅም ይሰጣል፤ በ56ኛው ዓመት ያደገው ሦስቱንም ዓመታት በአዲሱ ደመወዝ ያሳልፋልና። ከዚህ የሚከብደው ግን መዋጮውም አበሉም የሚሰሉት በመደበኛው ደመወዝ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። በሐይቅ ከሚኖሩት መካከል በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ በቢራ ፋብሪካው፣ በብረታ ብረቱ ወይም በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥረው የሚሠሩ ስለማይታጡ፣ የአንድ የፋብሪካ ሠራተኛን የደመወዝ ወረቀት ማየት ይጠቅማል። በወር 8,000 ብር የሚከፈለው ሰው ሙሉው ገንዘብ በመደበኛ ደመወዝነት ከተመዘገበ ከእርሱ 560፣ ከአሠሪው 880፣ በድምሩ 1,440 ብር ገቢ ይደረግለታል። 5,000 ብሩ ደመወዝ፣ 3,000 ብሩ አበል ተብሎ ከተከፈለ ግን መዋጮው ወደ 900 ብር ይወርዳል። ሠራተኛው በዚያ ወር 210 ብር የተረፈው ይመስለዋል፤ ከ30 ዓመት በኋላ ግን 4,400 ብር ሊሆን የሚገባው አበል 2,750 ብር ሆኖ ያገኘዋል። እውነተኛ የትራንስፖርት ወይም የበረሃ አበል መክፈል ሕጋዊ ነው፤ ደመወዝን በአበል ስም መከፋፈል ግን ሠራተኛውን በእርጅናው መዝረፍ ስለሆነ፣ የሠራተኛ ማኅበራት የደመወዝ ጭማሪ ሲደራደሩ ጭማሪው በየትኛው መደብ እንደሚገባ አጥብቀው መጠየቅ ይገባቸዋል።

ማኅደሩ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሁሉ በሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል የሚቀመጥ የግል ማኅደር አለው፤ የቅጥር ደብዳቤው፣ የደመወዝ ለውጦቹ፣ የዝውውር ደብዳቤዎቹ፣ የዕድሜ፣ የጋብቻና የልጆች ማስረጃዎቹ እዚያ ይገባሉ። ጡረታ በሚወጣበት ጊዜ አበሉ የሚወሰነው በዚህ ማኅደር ላይ በተመሠረተ ማስረጃ ነውና፣ ከሕጉ አንቀጽ ይልቅ የብዙ ሰው ዕጣ የሚወሰነው በማኅደሩ ይዘት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዕድሜን በሚመለከት ሕጉ የሚቀበለው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበውን ነው፤ በግምት የተጻፈ የልደት ዘመን በኋላ ቢታረምም የጡረታ መውጫውን ቀን አይቀይርም። አዲስ ተቀጣሪ ቅጹን ሲሞላ በጥድፊያ የሚጽፈው ቁጥር ከ30 ዓመት በላይ እንደሚከተለው ማንም አይነግረውም።

የስም አጻጻፍ በአካባቢው በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በተሁለደሬና በአምባሰል አንዱ ሰው በቅጥር ደብዳቤው «መሐመድ»፣ በመታወቂያው «ሙሀመድ»፣ በባንክ ደብተሩ «ሞሐመድ»፣ አባቱም በአንዱ «ሰይድ» በሌላው «ሰኢድ» ተብሎ ሊገኝ ይችላል። ሰነድ መርማሪው እነዚህ አንድ ሰው መሆናቸውን በልቡ ቢያውቅም ያለ ማስረጃ ሊያሳልፍ አይችልም፤ ስለዚህም ባለጉዳዩ በ60 ዓመቱ ፍርድ ቤት እየተመላለሰ ስሙን ለማረጋገጥ ይገደዳል። ይህን ልዩነት ገና በሥራ ላይ እያሉ፣ ምስክሮች በሕይወት ሳሉ፣ አሁን ከሚሰጠው የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ጋር አጣጥሞ ማስተካከል ብዙ ድካም ይቀንሳል።

አገልግሎትን የሚመለከተው ሌላው ትልቅ ጉዳይ ሰዎች ከመንግሥት ወደ ግል ድርጅት፣ ከግልም ወደ መንግሥት ሲዘዋወሩ ያለፈ ዘመናቸው የጠፋ እየመሰላቸው መተዋቸው ነው። በመንግሥት ሥራ የተቆጠረ ዘመን በግል ድርጅት ከተቆጠረው ጋር ስለሚደመር፣ ስምንት ዓመት በአምባሰል አስተምሮ ወደ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የገባ ሰው ሁለት ዓመት ብቻ ሠርቶ 10 ዓመቱን ሊሞላ ይችላል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የአገልግሎት ማስረጃ ይዞ ሲወጣ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ የጤና ተቋማትና መሥሪያ ቤቶች የደረሰባቸውን ዘረፋ ያየ ሰው፣ የማስረጃዎቹን ቅጂ በቤቱና በስልኩ ማኖር ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

ማኅደሩ ከባለቤቱ ሞት በኋላም ይሠራል። ጡረተኛው ወይም ለጡረታ የሚያበቃ አገልግሎት ያለው ሠራተኛ ሲሞት ሕጉ ተተኪዎች የሚላቸው የቅርብ ቤተሰቦች አበል ይቀበላሉ፤ ሚስት ወይም ባል ሟቹ ሊያገኝ ይችል ከነበረው 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ በሟቹ ድጋፍ ይተዳደሩ የነበሩ ወላጆች ደግሞ እያንዳንዳቸው 15 በመቶ፣ ድምሩ ከመቶ ሳይበልጥ ያገኛሉ። በዚህ አካባቢ ብዙ ትዳር በኒካህ ወይም በሽማግሌ የተፈጸመ፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባም በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት በትዳር የኖረች ሴት ባሏ በሞተ ማግስት ሚስትነቷን የሚያስረዳ ወረቀት አጥታ ትቸገራለች። ሃይማኖታዊና ባህላዊ ጋብቻ በሕግ የታወቀ ሲሆን፣ የቀረው ነገር ባልና ሚስቱ ሁለቱም በሕይወት እያሉ ማስመዝገብና የምስክር ወረቀቱን ቅጂ ወደ ማኅደሩ ማስገባት ብቻ ነው። አንድ ጠዋት የሚፈጅ ይህ ጉዳይ ለአንዲት መበለት የወራት መንከራተትን ስለሚያስቀር፣ ከጡረታ ጉዳዮች ሁሉ አስቀድሞ ሊፈጸም የሚገባው እርሱ ነው።

በሕመምና በጉዳት ጊዜ

በግል ድርጅት የሚሠራው ሰው ከጡረታ አዋጁ በተጨማሪ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተሰጡት መብቶች አሉት፤ ብዙዎቹም ሳይጠየቁ ያልፋሉ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም ምክንያት በ12 ወራት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ሲኖረው፣ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ይታሰባሉ። ይህ የሚሠራው በሐኪም ማስረጃ ነው። አሞት ቤቱ የተኛ ሠራተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ሳይሄድ ቢያገግምና ወደ ሥራው ቢመለስ፣ ሕመሙ እውነት ቢሆንም በሕግ ዓይን ያለ ፈቃድ የቀረ ሊባል ይችላል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት በሙሉ ደመወዝ ታርፋለች፤ አባትየውም የሦስት ቀናት ፈቃድ አለው።

በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት ከዚህ የተለየ ነው። ጣቱን ማሽን የቆረጠው ወይም ከመሰላል የወደቀው ሠራተኛ የሕክምናው፣ የቀዶ ጥገናው፣ የመድኃኒቱና አስፈላጊ ከሆነም የሰው ሠራሽ አካሉ ወጪ በአሠሪው የሚሸፈን ሲሆን፣ ሥራ መሥራት በማይችልበት ጊዜም እስከ አንድ ዓመት ድረስ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶውን፣ በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ቢያንስ ግማሹን ያገኛል። ዘላቂ የአካል ጉዳት ሆኖ ከሥራ ካሰናበተው ደግሞ በጡረታ ሕጉ መሠረት የጉዳት ጡረታ አበል የመጠየቅ መብት አለው፤ ለዚህ አበል የ10 ዓመት አገልግሎት አይጠየቅም። ጉዳቱ በደረሰበት ቀን በጽሑፍ ካልተመዘገበ ግን ከወራት በኋላ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን ማስረዳት እጅግ ይከብዳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሥራ ባልደረቦች በዚያው ዕለት ለቅርብ ኃላፊው በጽሑፍ አሳውቀው ቅጂውን ቢያስቀሩ፣ ለጓደኛቸው ከሚያዋጡለት ገንዘብ የበለጠ ይረዱታል።

ከሥራ የሚለቅ ሠራተኛም ባዶ እጁን እንዳይሄድ ማወቅ ያለበት አለ። ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ የሌለበት ሰው በገዛ ፈቃዱ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባዋል፤ ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ ግን በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል። ሽማግሌ ልኮ መጠበቅ መልካም ልማድ ቢሆንም ይርጋው ሽማግሌ አይጠብቅም፤ ስለሆነም ከዕርቁ ንግግር ጎን ለጎን ጥያቄውን በጊዜው ሥልጣን ላለው አካል ማቅረብ ያስፈልጋል።

የሕክምናው ግማሽ

የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ማስፈጸሚያ ደንቡም በ2005 ዓ.ም. ቁጥር 271 ሆኖ ሲከተል የታሰበው ግልጽ ነበር፤ ደመወዝተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ ያዋጣሉ፤ ጡረተኛው ከአበሉ 1 በመቶ ሲከፍል መንግሥት ሌላ 1 በመቶ ይጨምርለታል፤ በዚህም ሠራተኛው፣ ጡረተኛውና ቤተሰቦቻቸው ይታከማሉ። ደመወዝ አይበቃንም የሚለው የሠራተኛው ቅሬታና የጤና ተቋማቱ ዝግጅት ማነስ ከአፈጻጸሙ መዘግየት ጋር አብረው ሲነሡ ኖረዋል። ቅሬታው መሠረት የለውም ሊባል አይችልም፤ ነገር ግን ከ10,000 ብር ላይ 300 ብር የሚከፍል ሰው አንድ ጊዜ ለቀዶ ጥገና ከሚበደረው ገንዘብ ጋር ቢያነጻጽረው፣ መዘግየቱ ከማንም በላይ የጎዳው እርሱን ራሱን መሆኑን ያያል።

ይህ እስኪስተካከል ሠራተኛው በእጁ ያለውን መፈተሽ ይኖርበታል። በፋብሪካዎችና በባንኮች የሕክምና ጥቅም በአብዛኛው የሚገኘው በኅብረት ስምምነት፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው ተደራድረው በሚፈርሙት ሰነድ፣ ወይም አሠሪው ከመድን ድርጅት በሚገዛው የቡድን የሕክምና መድን ነው። ስምምነቱ የትዳር ጓደኛንና ልጆችን ይጨምር እንደሆነ፣ የዓመቱ ጣሪያ ስንት እንደሆነ፣ መነጽርና ጥርስ ተሸፍነው እንደሆነ፣ ደረሰኝ በስንት ቀን መቅረብ እንዳለበት ሳያነቡ መቅረት የተለመደ ጥፋት ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት አሠሪው ለሠራተኛው ሕክምና በትክክል ያወጣው ወጪ ከሥራ ግብር ነጻ ስለሆነ፣ በድርድር ጊዜ ግብር የሚቆረጥበትን ትንሽ የደመወዝ ጭማሪ በሕክምና ሽፋን መለወጥ ለሁለቱም ወገን የሚያዋጣ ሊሆን ይችላል።

ገበሬውን፣ ነጋዴውን፣ የባጃጅ ሾፌሩንና የቀን ሠራተኛውን የሚመለከተው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በተሁለደሬ የተፈተነው በቤተሰብ ደረጃ ነው፤ አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በአብዛኛው እህል ከተሰበሰበ በኋላ፣ መዋጮውን ከፍለው ባልና ሚስትን ለአካለ መጠን ካልደረሱ ልጆቻቸው ጋር የሚያስታክም ደብተር ይይዛሉ፤ ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ሌላ የቤቱ ነዋሪ ተጨማሪ ይከፈላል። መክፈል የማይችሉትን ድሆች ቀበሌው ይለይና መዋጮአቸውን መንግሥት ይሸፍናል። በሙከራው ጊዜ አባልነት በፈቃደኝነት የነበረ ቢሆንም፣ የሙከራ ወረዳዎቹን የተከታተሉ ተመራማሪዎች እንደመዘገቡት በ2004 ዓ.ም. 41 በመቶ፣ በ2005 ዓ.ም. 48 በመቶ የሚሆነው ቤተሰብ ገብቶ ነበር፤ ይህ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች በፈቃደኝነት ከተጀመሩ ተመሳሳይ መድኖች ጋር ሲነጻጸር ከፍተኛ ነው።

ደብተሩን መያዝ ብቻ ግን አይበቃም። ሕክምናው በቅደም ተከተል የሚሰጥ ስለሆነ፣ አባሉ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያው ይሄዳል፤ ከዚያ በሪፈር ወረቀት ወደ ሐይቅ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ቦሩ ሜዳ ወይም ወደ ደሴ ይተላለፋል። ያለ ሪፈር በቀጥታ ደሴ የገባ ሰው መድን እያለው ከኪሱ ይከፍላል፤ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በስተቀር ይህን ደረጃ መዝለል ለአባሉም ለገንዘቡም ጉዳት ነው። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና በሽፋኑ ውስጥ አይገቡም። የአባላት ትልቁ ምሬት መድኃኒት በተቋሙ ሲጠፋ ከግል ፋርማሲ ግዙ መባላቸው ነው፤ ምሬቱ ትክክለኛ ነው፣ መድኑ የተሸጠው ሕክምናን ከነመድኃኒቱ ብሎ ነውና። አባሉ ማዘዣውንና ደረሰኙን ይዞ የወረዳውን የጤና መድን ክፍል ሊጠይቅ ይገባል፤ ጥያቄው ካልተመዘገበ እጥረቱ ለሚመለከተው አካል አይታይም። ዕድሳትም በወቅቱ ሊፈጸም ይገባል፤ ዓመቱን ሙሉ አልታመምኩም ብሎ የተወ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ወባ ወይም የሳንባ ምች ሲይዘው ደብተሩ ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ የቤቱ ሁለት ግማሾች ይገናኛሉ። በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በአዲስ አበባ ደመወዝ የሚያገኝ የአምባሰል ልጅ፣ ለወላጆቹ በበዓል ከሚልከው ገንዘብ ላይ የዓመቱን መዋጮ ቀንሶ በወቅቱ ቢያሳድስላቸው፣ እናቱ በታመመች ጊዜ በጥድፊያ ከሚበደረው እጅግ ያነሰ ወጪ ይሆንለታል። ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ የሄዱት የወሎ ሴቶች ልጆችም እንዲሁ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ እነርሱ ራሳቸው ግን ከጡረታውም ከጤና መድኑም ውጭ ስለሚቀሩ፣ በሕጋዊ መንገድ የሚሄዱት በአዋጅ ቁጥር 923/2008 አሠሪያቸው ሊገባላቸው የሚገባው የሕይወትና የአካል ጉዳት መድን በውላቸው መኖሩን ሳያረጋግጡ መፈረም የለባቸውም። በግል ሥራ የሚተዳደረው ነጋዴና ሾፌርም የጡረታ ሕጉ በፈቃደኝነት እንዲገባ በር እንደከፈተለት ቢያውቅና ወደ ግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ሄዶ ቢጠይቅ፣ ጉልበቱ በደከመ ጊዜ ሱቁን ወይም ባጃጁን ሸጦ ከመብላት ይድናል።

ጡረታ በወጡበት ቀን የተወሰነ አበል በየጊዜው ከሚንረው ዋጋ ጋር እኩል አይራመድም፤ ማሻሻያ የሚደረግለትም በመንግሥት ውሳኔ ነው። ለጡረተኛ ደግሞ ከምግብ ቀጥሎ ዋናው ወጪ ሕክምና መሆኑ የታወቀ ነው። ለ30 ዓመት ያስተማረ መምህር 5,500 ብር አበሉን በደም ግፊትና በስኳር መድኃኒት ላይ ሲጨርስ፣ ጎረቤቱ የሆነው ገበሬ በደብተሩ የሚታከምበት ሁኔታ ሊቀጥል አይገባም። የተሁለደሬ ገበሬ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ መዋጮ እየከፈለ መታከም እንደሚቻል በተግባር አሳይቷልና፣ መንግሥት በ2002 ዓ.ም. ያወጀውን የማኅበራዊ ጤና መድን ለደመወዝተኛውና ለጡረተኛው ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሊያውለው ይገባል፤ ሠራተኛውም በየማኅበሩ ይህንኑ በግልጽ ይጠይቅ።